በጋሽ ተሰማ ድንኳን ውስጥ

ለጋሽ ተሰማ ያለቀስኩትን ለቅሶ ሰፈራችን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኔ ስደርስ ወሬ ይቀይራሉ እንጂ እያነሱ ሲጥሉት እሰማለሁ። የድብቅ ልጁ ናት ያሉ ነበሩ። ከዚህ የባሰም ያሉ ነበሩ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ ሟቹን ማዋረድ ነው። እውነቱ ግን ጋሽ ተሰማን በቅጡ እንኳ አላውቃቸውም ነበር። በራችን ላይ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው "እንደምን አደርሽ" ይሉኛል፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፣ በቃ። ይሁን እንጂ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ከቤት ያወጣኝ የእሳቸው ለቅሶ ነው። ዛሬ የምኖርበትን ሥራ የሰጠኝም እሱ ነው። እንግዲህ ወሬኛውም ይስማ፣ የሚመለከተውም ያንብብ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወደ ውስጥ በምትታጠፍ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው። ነፋስ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ሲመጣ እናቴ መስኮት ለመዝጋት የምትሮጥበት፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሰባት ቤት "ይማርህ" የሚልበት ሰፈር ነው። አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የክፍሉ ቀልደኛም እኔ ነበርኩ፤ አስተማሪዎቻችንን እያስመሰልኩ ሰው አስቅ ነበር። ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም እያልኩ የምነዛው ጉራ ለጉድ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ታክሲ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ከሦስት ሰው ጋር ተጠጋግቼ ተቀምጬ ሳለ ልቤ ያለ ምንም ምክንያት መደለቅ ጀመረች። እጄ ደነዘዘ። አየሩ ያለቀ መሰለኝ። "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮኼ ፌርማታ ባልሆነበት ወረድኩና መንገድ ዳር ተዘረጋሁ። ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ልቤን መረመሩና "ምንም የለብሽም፣ ልብሽ ጤነኛ ነው" አሉኝ። "ምንም የለብሽም" የሚለውን ቃል ያህል ያንገበገበኝ ስድብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ ተመላለሰ። መጀመሪያ የኋላ ወንበር ተውኩ። ቀጥሎ ታክሲ ተውኩ። ከዚያ ፌርማታው ቀረ፣ ዋናው መንገድ ቀረ፣ ቅያሳችንም ቀረ። በመጨረሻ የተረፈኝ ግቢያችን ብቻ ሆነ። አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ከቤት የመውጣት ፍርሃት ነው፣ ብዙ ሰው አለበት። ያኔ ግን በዓለም ላይ እኔ ብቻ የተለከፍኩ ይመስለኝ ነበር። ትምህርቱም በዚያው ቀረ።

ቤታችን የጴንጤ ቤት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እየመጡ ጸለዩልኝ፤ ሰዓታት ተንበርክከው ያለቀሱልኝ አሉ። ስለ እነሱ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ እኔም የምጸልይ ሰው ነኝ። ነገሩ አልለቅ ሲል ግን ጥያቄው መልኩን ቀየረ። አንዷ እህት ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ያልተናዘዝሽው ነገር ይኖር ይሆን?" አለችኝ።

"አለ" አልኳት።

ጠጋ አለች።

"ባለፈው ያመጣሽልንን ኬክ እናቴ ሳታይ ብቻዬን ጨርሼዋለሁ።"

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ከዚያ አጎቴ ደምሴ መጡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ገጠር ከተማ ነው የሚኖሩት። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የሚቀመጡበት አንድ ቤት እንደሚያውቁ ለእናቴና ለወንድሜ ሲያስረዱ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። እንደሌለሁ ቆጥረውኝ ነው የሚያወሩት።

"ይጸለይላቸዋል፣ ይጠበቃሉ" አሉ።

"የሚጠበቁት እንዴት ነው?" አልኩ።

"በሩ ይቆለፋል። መጀመሪያ ሰሞን እንዳይሸሹ ደግሞ እግራቸውን..." አሉና እናቴን አይተው አቋረጡት።

ቅዳሜ ጠዋት በመኪናቸው መጥተው ሊወስዱኝ ተስማሙ። እናቴ እያለቀሰች ሻንጣዬን አዘጋጀች። እያለቀሰች፣ ግን አዘጋጀች። እሱን ለመርሳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በዚያው ሳምንት ከሬዲዮ የሰማሁትን ይዤ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ደውዬ ነበር። እንዲህ ዓይነት ችግር ያለበትን ሰው የምታይ የሥነ ልቦና አማካሪ እዚያ አለች ተባለ፤ ሐሙስ አምስት ሰዓት ቀጠሮ ሰጡኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ዮናስን ያዝኩት። ዮናስ የብረት በር ሠራተኛ ነው፤ የግቢያችንን በር የበየደውም እሱ ነው።

"ስማ፣ ነገ ቤቴል ሄጄ ከተመለስኩ የቅዳሜው ይቀራል" አልኩት።

ሳቀ። "አንቺ? ቆሻሻ ለመድፋት እኮ እማዬን ነው የምትልኪው።"

"ከሄድኩስ?"

"ብቻሽን? ማንም ሳይደግፍሽ?"

"ብቻዬን።"

"ከሄድሽማ እኔ ራሴ አጎታችንን ይቅሩ እላቸዋለሁ። ካልሄድሽ ግን ቅዳሜ ያለ ጩኸት መኪናው ውስጥ ትገቢያለሽ።" እጁን ዘረጋ፤ ጨበጥኩት። ክፉ ሰው አይደለም ዮናስ። ሰልችቶት ነበር፤ ሰልችቶኝ ነበር።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል የዕድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ጋሽ ተሰማ አርፈዋል፣ ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ድንኳን የመትከሉ ተራ የዮናስ ስለነበር እሱም ተከትሏት ሄደ። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። "ጥሩ፣ ቢያንስ ማንም ሳያየኝ እወጣለሁ" ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ስመለከት ጉዴ ፈላ። የቅያሳችን መግቢያና መውጫ አንድ ነው፤ ሌላኛው ጫፉ ገደል ነው። የጋሽ ተሰማ ግቢ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑን መንገዱ ላይ ተክለውታል፤ ከአጥር እስከ አጥር ሞልቶታል፣ ድመት የምታልፍበት ቀዳዳ የለም። ወደ አየር ጤና ለመውጣት በድንኳኑ ሆድ ውስጥ ማለፍ አለብኝ።

በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ዝም ብሎ አይታለፍም። የገባ ይቀመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ይወጣል። እንደ መንገድ አቋርጦ የሄደ ሰው ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ታክሲ ውስጥ ከሦስት ሰው ጋር መቀመጥ ያቃተኝ ልጅ ሁለት መቶ ሰው መሃል ልገባ ነው። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ጀርባዬን ለብረቱ ሰጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከተቀመጥኩበት በረንዳው ላይ የቆመችው ሻንጣዬ ትታየኛለች። እናቴ እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራባታለች፤ እንዳትጠፋ ይሆናል። ሻንጣው እንዳይጠፋ ያሰበ ሰው አለ፣ እኔ የምገባበትን ቤት ያሰበ ግን የለም። ደሜ ፈላ። ፍርሃቴ አንዲት ስንዝር አልቀነሰም፤ ንዴቴ ግን በለጠው። ተነስቼ የእናቴን ሌላ ነጠላ አወጣሁ፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ለበስኩና ወጣሁ።

ከበራችን እስከ ድንኳኑ ሠላሳ ርምጃ ቢሆን ነው። አጥሩን በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። ባለሱቁ ሽንኩርት ሚዛን ላይ እንዳስቀመጠ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ማርታ?" አለ። አልመለስኩለትም፤ አፌን ብከፍት የምጮህ መሰለኝ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ገብቼ ጥግ ይዤ ለአምስት ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ አጽናናለሁ፣ በወዲያኛው በኩል እወጣለሁ። ገባሁ። ወንዶቹ ረጃጅሙ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ናቸው። የጋሽ ተሰማ ባለቤት እትዬ የሺ መሃል ላይ ከፎቶግራፋቸው ሥር ተቀምጠዋል። ጥግ ያለ ቦታ የለም። ሁሉም ሞልቷል። መሃሉ ላይ ቆሜ ቦታ ስፈልግ በወዲያኛው በር፣ እኔ ልወጣበት ባሰብኩት በር፣ ከሽሮ ሜዳ የመጡ ዘመዶች እየጮኹ ገቡ።

ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። ዘመድ እየጮኸ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ይነሳል። ከፊቴ እነሱ መጡ፣ ከኋላዬ ሴቶቹ ተነስተው ገፉ። መሃል ቀረሁ። መውጫ የለም፤ ወደ ኋላ መመለሻም የለም።

መጣብኝ። ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ወጣች። ጣቶቼ ተኮማተሩ። ትንፋሽ ስስብ አይገባም። ልቤ ቀጥ ልትል ነው ብዬ ደረቴን በቡጢ መታሁ፤ ላስነሳት ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ደገምኩት። ጉልበቴ ከዳኝና ከእትዬ የሺ ፊት ተንበረከክሁ። የአንገቴን ልብስ ይዤ ጎተትኩት፣ ነጠላዬ ወለቀ፣ ከውስጤ የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

ድንኳኑ ተናወጠ። ሐዘን መሰላቸው! ደረት መምታት፣ መንበርከክ፣ ልብስ መያዝ፣ እየጮኹ መንቀጥቀጥ፤ እንግዲህ ሌላ ምን ሊመስላቸው ኖሯል? የሽሮ ሜዳዎቹ እኔን አይተው ባሰባቸው። አንዲት ግዙፍ ሴት ከኋላዬ እቅፍ አድርጋ ያዘችኝ።

"አልቅሺ የኔ እናት፣ አልቅሺ! ውስጥሽ አይቅር!"

ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብልኛለች። ሌላዋ ግንባሬን ውኃ ቀባችኝ። "ምናቸው ናት?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። "ጎረቤት ናት መሰለኝ።" "ጎረቤት እንዲህ ሆና? እዩት እስቲ፣ እንዴት ያለ ሰው ነበር ማለት ነው!"

አንባቢዎቼ፣ ስትስቁ ይታየኛል። እኔም አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን የምሞት ነበር የመሰለኝ፤ በማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ፣ በማላውቃት ሴት እቅፍ ውስጥ። መሸሽ ፈልጌ ታገልኩ። በታገልኩ ቁጥር የሐዘኔ ጽናት ነው ብላ አጥብቃ ትይዘኛለች። አሥራ አራት ወር ሙሉ ይህ ነገር በመጣብኝ ቁጥር ሸሽቻለሁ፤ ወደ ቤት፣ ወደ አልጋ፣ ወደ ብርድ ልብሱ ሥር። ሁልጊዜ ሳያልቅ ስለምሸሽ መጨረሻው ምን እንደሆነ አይቼው አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን መሸሻ አጣሁና እስከ መጨረሻው ቆየሁ።

ከፍ አለ። ደግሞ ከፍ አለ። ከዚህ በላይ ምን አለ ስል ቆመ። ከዚያ ወረደ። ማንም ሳይገስጸው፣ ማንም መድኃኒት ሳይሰጠኝ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ዐይኔን ስገልጥ አልሞትኩም። ላብ፣ እንባና ንፍጥ ተቀላቅሎ ነጠላዬ ላይ አለ፤ ጀርባዬ ላይ የሰው እጅ አለ። ሁለት መቶ ሰው እያየኝ ነው፣ አንዱም ግን "ይቺ ልጅ አበደች" አላለም። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ በግልጽ እንድንቀጠቀጥ የተፈቀደልኝ ቦታ ይህ ብቻ ነበር።

እትዬ የሺ ጎንበስ ብለው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ማርታዬ፣ ዓመት ሙሉ ያልወጣሽ ልጅ ለተሰማ ብለሽ ወጣሽ?" አሉኝ። ከዚያ እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ። ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ እጄን አልለቅ አሉ።

እፍረት አቃጠለኝ። ስልኬን በነጠላዬ ሥር ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ይላል። ብቀመጥ ቀጠሮው ያልፋል፣ ቅዳሜ ይመጣል፣ በሩ ይቆለፍብኛል። ብነሳ ባሏን የምትቀብር ሴት እጅ መንጭቄ መሄዴ ነው። ዝም ብዬ ተቀምጬ መዋሸቱ ደግሞ ከሁለቱም ባሰብኝ። ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያለቀስኩት ለጋሽ ተሰማ አልነበረም። በሽታዬ ነው። ቤቴል ቀጠሮ አለኝ፤ ዛሬ ካልሄድኩ ቅዳሜ ወስደው ሊዘጉብኝ ነው። በድንኳኑ ለማለፍ ነው የገባሁት።" ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።

ተነሺልኝ እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

"ያቺን አንቺን ያቀፈችሽን ሴት አየሻት?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ልጇ ሥራ ፍለጋ በረሃ እንደገባ ቀርቷል። ድንኳን አልተተከለለትም፣ ሞቷል ያላትም የለም። በሄደችበት ለቅሶ ሁሉ እንዲህ ናት። ለተሰማ ይመስልሻል?" አፍንጫቸውን ጠረጉ። "ለተሰማ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ሌላው የየራሱን ይዞ ነው የመጣው። አልቀየምም፤ እኔም በሰው ለቅሶ ላይ የራሴን አልቅሻለሁ። ቀጠሮሽ ስንት ሰዓት ነው?"

"አምስት።"

"ታዲያ እዚህ ምን ይጎልትሻል? ተነሺ!"

ተነሳሁ። እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይራመዳል። በሩ ጋ ስደርስ ዮናስ ክንዴን ያዘኝ።

"በቃ" አለኝ ጥርሱን ነክሶ። "ወደቅሽ እኮ። ስንት ሴት ደግፎ እንዳነሳሽ አይቻለሁ። አልቋል፣ ወደ ቤት ግቢ።"

"ልቀቀኝ።"

"ማርታ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይየና! እንዳልታይ አሥራ አራት ወር ተደብቄያለሁ፣ ይበቃኛል!"

ድምፄ ከለካሁት በላይ ወጣ። አግዳሚው ላይ ያሉት ወንዶች ሁሉ ዞሩ። እማዬ የንፍሮ ሳህን እንደያዘች ቆማለች። ከዚያ ከመሃል የእትዬ የሺ ድምፅ መጣ፤ ሲያለቅስ ያደረ ጉሮሮ፣ ግን እንደ ትእዛዝ።

"ዮናስ! ልቀቃት!"

በባሏ ድንኳን ውስጥ የሐዘንተኛን ቃል የሚያጥፍ ሰው በእኛ ሰፈር አልተወለደም። ዮናስ እጁን አነሳ። እማዬ አንድ ርምጃ ወደ ጎን ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ።

አየር ጤና ታክሲ ተራ ስደርስ ለቤቴል የሚጭነው ታክሲ አንድ ሰው ነው የቀረው፤ የቀረውም ቦታ የኋላ ወንበር፣ ከመሃል ነው። ረዳቱ "ግቢ፣ አንድ ሰው፣ ሞላ!" ይላል። ገባሁ። በሩ ሲዘጋ ልቤ ጀመረች። አሁን ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። "ና፣ ጥግህን አይቼዋለሁ" አልኩት በሆዴ። መጣ። እንባዬ ወረደ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ አልወረድኩም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አዘቅዝቄ የለበስኩትን ነጠላ አየችና ሶፍት አወጣችልኝ። "ለቅሶ ነው የኔ እህት?"

"አዎ" አልኳት። አልዋሸሁም፤ የአሥራ አራት ወር ለቅሶ ነበር።

አምስት ሰዓት ከሃያ ሲል ክሊኒኩ ደረስኩ። አማካሪዋ ጠብቃኛለች። አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ ሴት ናት። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቋን ለመዋጥ ሞከረች፣ ኋላ ግን አልቻለችም፤ አብረን ሳቅን። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"ድንኳኑ ውስጥ ያንን ነገር ማን አስቆመው?"

"ሴትዮዋ ይዛኝ..."

"ይዛሽ ነበር። ያስቆመው ማነው?"

አሰብኩ። "ማንም። ራሱ ቆመ።"

"ዛሬ ከዚህ በላይ የማስተምርሽ የለኝም" አለችኝ። ማክሰኞ እንድመለስ ቀጠረችኝ።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ አጎቴ ደምሴ መጡ። ዮናስ "ማንም ሳይደግፍሽ ነው ያልነው፣ ተደግፈሻል" ብሎ ሁለት ቀን ሲከራከረኝ ቆይቷል፤ ሻንጣዬን መኪናው ላይ የጫነውም እሱ ነው። አጎቴ የመኪናውን በር ከፈቱልኝ።

"ግቢ ልጄ፣ ሳይመሽ እንድንደርስ።"

"አልችልም" አልኳቸው። ነጠላዬን ለብሼ ነበር። "ዛሬ የጋሽ ተሰማ ሣልስት ነው። ለቅሶ አለብኝ።"

አጎቴ የያዙትን የመኪና በር ለቀቁት። ለቅሶሽን ትተሽ ነይ አይባልም፤ እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው፣ ያውቁታል። "ከለቅሶው በኋላስ?" አሉ በመጨረሻ።

"ከለቅሶው በኋላም አልሄድም። እግሬን የሚያስር ሰው ከፈለጉ መጀመሪያ ይያዘኝ።"

"ማን አስተማራት እንዲህ መናገር?" አሉ ወደ እናቴ ዞረው።

እማዬ ከእኔ ጎን መጥታ ቆመች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እኔን እያየሁ መሰለኝ። "ወንድምጋሼ፣ የልጄን ሻንጣ አውርዱልኝ" አለች።

ያወረደው ዮናስ ነው። ቀዩንም ጨርቅ ራሱ ፈታው። አጎቴም ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ ድንኳን ገብተው ንፍሮ ሲቆረጥሙ ውለው ሟቹ ከእኔ ጋር ምን ዝምድና እንደነበራቸው ሲጠይቁ አመሹ።

ዳንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ በኋላ በሩ ጋ ደርሼ የተመለስኩባቸው ሳምንታት ነበሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቴል ስመላለስ ዓመት አለፈ። ትምህርቴን ስቀጥል አካውንቲንጉን ትቼ ሥነ ልቦና ገባሁ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬንም በምክር አገልግሎት ሠራሁ። ዛሬ እዚሁ ኮልፌ አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ከቤት መውጣት የከበዳቸው ሰዎች ይመጡባታል። "ራሷ ታማ የነበረች ሰው ናት ሰው የምታክመው" እየተባልኩ እታማለሁ። አዎ፣ ነኝ። ባይታሙኝ ይገርመኝ ነበር። ሕመሜን አልደብቀውም፤ ከዲግሪዬ እኩል የምሠራበት ዕቃዬ ነው።

አንድ የምስቅበት አመልም አለኝ። የሚመጣው ሰው ከቤት መውጣት ጀምሮ ግን ሰው መሃል መቀመጥ ሲያቅተው "ሰፈራችሁ ለቅሶ አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። የሙያ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ አንዷማ ነውር ነው ብላ ተቆጥታኛለች። ለእትዬ የሺ ነግሬያቸው "ምን ነውር አለው፣ ድንኳኑ ለዚያ አይደል" ብለውኛል። የምሰማው እሳቸውን ነው።

እናንተ ይህን ከመጋረጃ ጀርባ ሆናችሁ የምታነቡ፣ አትፍሩ አልላችሁም። አትፍሩ ያሉኝን ሁሉ ጠልቼ ነው የኖርኩት። ፍሩ፤ ፈርታችሁም ውጡ። ሰው ቢያያችሁ ይያችሁ።

በቅርቡ አንድ አባት ክፍሌ መጡ። ቀጥሎ የምጽፈውን ልጃቸው እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ቁጭ ሳይሉ ነው የጀመሩት።

"ልጄ ከቤት መውጣት ካቆመች ዘጠኝ ወሯ ነው። አንቺም ታመሽ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ድነሻል?"

"ትናንት ታክሲ ውስጥ ልቤ ስትደልቅ ነበር። ግን ይኸው ዛሬ ሥራዬ ላይ ነኝ።"

"ታዲያ ራስሽ ያልዳንሽ ልጄን እንዴት ታድኛታለሽ?"

"እኔ አላድናትም። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ።"

"እሺ፣ ነገ በመኪና አመጣታለሁ" አሉ።

"አሁን ቤት ከማን ጋር ናት?" አልኳቸው።

"ብቻዋን ናት። ወጥታ የሆነ ነገር እንዳትሆን በሩን ቆልፌ ነው የመጣሁት።"

"ቁልፉ የት አለ?"

ከኪሳቸው አወጡት። ትልቅ የግቢ በር ቁልፍ ነው።

"ነገ አያምጧት" አልኳቸው። "አሁን ይሂዱና ይህን ቁልፍ በእጇ ይስጧት። ቀኑን እሷ ትምረጥ።"

ተቆጡ። ምን ዓይነት ሐኪም ነሽ አሉኝ። በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ፤ የሚመለሱ አልመሰለኝም ነበር።

በሳምንቱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቆማለች። ፊቷ በእንባ ረጥቧል፣ ሁለት እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣዋለች።